ለልጆች ርካሽ የሊኑክስ ኮምፒውተር ክፍል ልንሠራ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጀማሪው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ከከተማ ራቅ ላለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ልንሠራ ተነስተናል። ልጆቹ ከ7 እስከ 14 ዓመት ናቸው። አብዛኞቹ ማውዝ ነክተው አያውቁም። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲቀይር 22 አሮጌ ዴስክቶፕ ሊሰጠን ቃል ገብቷል። ሞዴላቸው የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ ይነሳል፣ አንዳንዱ አይነሳም። ያለን ክፍል አንድ ነው። ሶኬቱ ሁለት ብቻ። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። ኢንተርኔት የለም፤ በስልክ የሚገኘውም ደካማ ነው።

ለዊንዶውስ ፈቃድ የምንከፍለው ገንዘብ የለንም። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ጭኜ ደግሞ ልጆችን ማስተማር አልፈልግም። ስለዚህ በነፃ የሚገኘውንና በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሊኑክስን ብለን ወስነናል። እኔ ራሴ ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ግን የራስን አንድ ማሽን መያዝና ልጆች የሚነካኩትን ሙሉ ክፍል መያዝ ለየቅል መሆኑ ከአሁኑ እየገባኝ ነው።

የትኛውን ሊኑክስ ልጫን? እያንዳንዱ ማሽን ላይ ለየብቻ ነው ወይስ ሁሉም ከአንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹን ከሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር፣ ይነሱ? አሮጌዎቹን ትተን ራስበሪ ፓይ የምትባለውን በአንዲት ትንሽ ቦርድ ላይ የተሠራች ኮምፒውተር ብንገዛስ? ኢንተርኔት ከሌለ ልጆቹ ምን ይሠሩበታል? ደግሞ አንዳንድ ወላጆች «ሥራ ቦታ የሚጠየቀው ዊንዶውስና ወርድ ነው፣ ይሄ ምን ያደርግላቸዋል?» እያሉን ነው። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

በእጃችሁ የሠራችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ያልተሳካላችሁን።


ካቻቢቴ፦

ጥሩ ነገር አስባችኋል። 22 ኮምፒውተር ተሰጠን ማለት ግን 22 ኮምፒውተር አለን ማለት አይደለም። እኔ እስካሁን ሦስት ክፍል ሠርቻለሁ። በልግስና ከመጣው አሮጌ ማሽን ለሥራ የበቃኝ ግማሹ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛው ነው። ቀሪው መለዋወጫ ሆኖልኛል። እሱም ቢሆን አይናቅም፤ መለዋወጫ የሌለው ክፍል ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል።

መጀመሪያ ሁሉንም ደርድሩና በሞዴል ለዩዋቸው። አንድ ዓይነት የሆኑት ወርቅ ናቸው። የአንዱ ፓወር ሰፕላይ ለሌላው ይሆናል፣ ራሙ ይገጥማል፣ አንዱ ላይ ያስተካከልከው ሌላው ላይም እንደዚያው ይሠራል። ዘጠኝ ዓይነት ሞዴል የተቀላቀለበት 15 ማሽን ከምትይዝ አንድ ዓይነት የሆኑ 8 ብትይዝ ይሻልሃል። ይሄንን የምልህ ያንን ድብልቅ ተሸክሜ ስላየሁት ነው።

ከዚያ ክፈቷቸው። አቧራውን ከደጅ አውጥታችሁ በብሩሽና በንፋስ አራግፉ፤ ንፋስ ስትነፉበት ፋኑን በጣት ያዙት፣ በኃይል ከተሽከረከረ ይበላሻል። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ደርቆ አፈር መስሎ ታገኙታላችሁ። ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ያበጠ ካፓሲተር ያለበት ማዘርቦርድ ካያችሁ እሱ ወደ መለዋወጫ ይሂድ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለውን፣ በሁሉም ላይ ቀይሩ። ይቺ ትንሽ ነገር አንድ ሙሉ ቀን አባክናብኛለች። እሷ ስታልቅ ማሽኑ በጠፋ በበራ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰዓቱ ሲዛባ ብራውዘሩ የድረ ገጾችን ሰርተፍኬት አልቀበልም ይላል፣ አፕዴቱም እምቢ ይላል። ሰው ደግሞ «ሊኑክሱ ተበላሸ» ብሎ ይደመድማል።

ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑን እዩ። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ ቅጂው ለ32 ቢት ማሽን መጫኛ ማዘጋጀት አቁሟል፤ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ ከዚያም ቀድሞ ትቶታል። በነዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ደግነቱ አሁን ከዚያ የተሻለ ማሽን በየቦታው እየተጣለ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና በኢንቴል በኩል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ ምንም ያልሆኑ የ4ኛ፣ የ5ኛና የ6ኛ ትውልድ ማሽኖች ከየመሥሪያ ቤቱ እየወጡ ነው። ለሊኑክስ እነዚህ ገና ጎረምሶች ናቸው። ቃል የገባላችሁን መሥሪያ ቤት «የቅርቦቹን ብትሰጡን» ብላችሁ ከመጠየቅ አትፈሩ።

ራሙ 4 ጊጋባይት ይሁን። ካነሰ ከማይነሱት ማሽኖች አውጥተህ ጨምርለት። ለአንድ ነገር ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ኤስኤስዲ፣ ከተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥነውን ዲስክ፣ ግዙበት፤ 120 ጊጋባይት ይበቃል፣ ልዩነቱን ቡት ሲያደርግ ታየዋለህ።

የትኛው ሊኑክስ በሚለው ብዙ አትጨነቅ። ሚንት ወይም ዴቢያን፣ ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ጋር፣ ይበቃሃል። አንዱን መርጠህ ሁሉም ላይ እሱኑ አድርግ። አንድ ማሽን በደንብ አዘጋጅና ክሎንዚላ በሚባለው ዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ወደ ሌሎቹ ገልብጠው።


ኬብልማን፦

ካቻቢቴ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ልሟገት። 10 ማሽን ላይ ገልብጠህ ሄድክ እንበል። ከሦስት ወር በኋላ መምህሯ አንድ ፕሮግራም ትጨመርልኝ ብትል 10 ጊዜ ልትጭን ነው። ልጆች ደግሞ ነካክተው አንዱ ማሽን ላይ ፓነሉ ይጠፋል፣ ሌላው ላይ ቋንቋው ይቀየራል። እዚያ የሚያስተካክል ሰው የለም።

ኤልቲኤስፒ የሚባል ፕሮጀክት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ የኖረ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማሽኖቹ የራሳቸው ሃርድ ዲስክ አያስፈልጋቸውም። ሲበሩ በኔትወርክ ካርዳቸው በኩል ሰርቨሩን ይጠይቃሉ፣ እሱም ሲስተሙን በኬብል ይልክላቸዋል። ድሮ ሥራውን ሁሉ ሰርቨሩ ይሠራና ማሽኑ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ለዚያ ጠንካራ ሰርቨር ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ አዲስ የተጻፈው የአሁኑ ቅጂ ግን ሥራውን ለማሽኖቹ ለራሳቸው ይተዋል። ሰርቨሩ ፋይል ያቀብላል እንጂ ለልጆቹ አያስብላቸውም። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ራምና አንድ ኤስኤስዲ ያለው ተራ ዴስክቶፕ ለአንተ ክፍል ሰርቨር መሆን ይችላል።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ቦታ ላይ ትጭናለህ፣ ሁሉም ያገኘዋል። ልጅ ቢያበላሸው ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ እንደ ነበረው ሆኖ ይነሳል። የልጆቹ ሥራ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ዛሬ መስኮት ዳር የተቀመጠ ልጅ ነገ ሌላ ጥግ ተቀምጦ ሥዕሉን ያገኘዋል። ደግሞ ኤፖፕቴስ የሚባለውን ጨምርበት። መምህሯ ከራሷ ስክሪን የሁሉንም ልጅ ስክሪን ታያለች፣ የራሷን ለሁሉም ታሳያለች፣ «ወደዚህ እዩ» ስትል ሁሉንም በአንዴ ትቆልፋለች።

አንድ ነገር ግን አትቆጥብ፣ የማሽኖቹን ኬብሎች የሚያገናኘውን ስዊች። ጊጋቢት ይሁን። በዋይፋይ አይሞከርም። ኬብሉን ራሳችሁ ልትጨምቁ ከሆነ እያንዳንዱን በቴስተር ፈትሹ፤ አንድ መጥፎ ጫፍ ያለው ኬብል አንዴ ሠርቶ አንዴ ሲቀር ሰው ያሳብዳል። ሰርቨሩ ከሞተ ክፍሉ ሙሉ ይሞታል፤ ይሄ እውነት ነው። ስለዚህ ከነዚያ አንድ ዓይነት ማሽኖች አንዱን የሰርቨሩን ዲስክ ኮፒ ይዞ ጥግ ላይ አስቀምጡት። አንዱ ሲሞት ኬብሉን ነቅሎ ወደ ሌላው መሰካት ነው። ይህንን አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሊያደርገው ይችላል፣ አሳዩት።


ሚጢጢ፦

ራስበሪ ፓይን እወዳለሁ፣ ለዚህ ግን ለሁሉም ልጅ አትግዛ። እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ሲወጣ ሁሉም ሰው ቦርዷን ብቻ አየ። ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ ቻርጀርና ኤስዲ ካርድ ሲደመርባት በነፃ ከተሰጠህ ዴስክቶፕ ጋር አትወዳደርም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በኪቦርድ ውስጥ የተሠራው ፓይ 400 ነገሩን ቀለል አድርጎታል፤ ሞኒተሮች ካሏችሁ ወደፊት ሊታሰብ ይችላል። ደግሞ ኤስዲ ካርድ መብራት በድንገት ሲጠፋ ይበላሻል። መብራት በሚመላለስበት ቦታ ካርዱን የማይጻፍበት ማድረጊያ አለ፣ በራሱ በፓይ ማስተካከያ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚለው፤ እሱን ያላበራ ሰው በየሳምንቱ ካርድ ሲጭን ይኖራል።

አንድ ፓይ ግን ግዛ። ለቤተ መጽሐፍት።

ኢንተርኔት የለም ብለህ ተጨንቀሃል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የኢንተርኔት አለመኖርን እንደ ችግር አላየውም። ኪዊክስ ድረ ገጾችን በሙሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሎቹ 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ አንድ ተራ ዲስክ ላይ ቦታ ይተርፈዋል። ለልጆች ተመርጠው የተዘጋጁ ትንንሽ ስብስቦችም አሉ። ኮሊብሪ ደግሞ ትምህርት ያለበት ነው፦ ቪዲዮ፣ መልመጃ፣ የካን አካዳሚ ትምህርቶች። መምህሯ የትኛው ልጅ የቱ ላይ እንደቆመ ታያለች። ከተማ ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ ሄደህ በፍላሽ ወይም በዲስክ ታመጣዋለህ፣ ፓይዋ ላይ ትጭነዋለህ፣ ሁሉም ማሽን በብራውዘር ይከፍተዋል። ፓይዋ የምትበላው ጥቂት ዋት ነው። ከጎኗ ዋይፋይ ብታሠራ ማታ መምህራኑ በስልካቸው ያነቡበታል፤ እኛ ጋ ከልጆቹ በላይ ያነበቡት እነሱ ነበሩ፣ ያ ደግሞ ልጆቹን ጠቀማቸው።

ለትንንሾቹ ጂኮምፕሪ ጫንላቸው። ከ100 በላይ ጨዋታ አለው፤ ማውዝ መያዝ፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰዓት ማንበብ። በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ በልጆቹ ቋንቋ ካለ በእሱ አድርገው። ቱክስ ፔይንት ለሥዕል። ስክራች ለፕሮግራሚንግ፤ የስክራች ይፋዊ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለሊኑክስ አልተሠራም፣ ግን ተርቦዋርፕ የስክራችን ፋይል ይከፍታል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ቶኒ በሚባለው የጀማሪ ፕሮግራም ላይ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ። በቃ፣ ከዚህ አታብዛ። 80 ፕሮግራም ያለበት ሜኑ ፊት ለፊቱ የተከፈተበት ልጅ አንዱንም አይጨርስም።


ጠመኔ፦

ወንድሜ ጀማሪው፣ እኔ ቴክኒሻን አይደለሁም። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ከላይ ያሉት ልጆች ስለ ማሽኑ በደንብ ነግረውሃል። እኔ ስለ ክፍሉ ቁልፍ ልንገርህ።

በነበርኩበት ትምህርት ቤት 15 ኮምፒውተር መጣ። ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ክፍሉ ተቆለፈ። ዕቃውን ፈርሞ የተረከበው ባልደረባችን፣ አንዱ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ይፈራ ነበር። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ለእሱ ከሁሉ የሚያዋጣው ክፍሉን አለመክፈት ነው። ልጆቹ በመስኮት ያዩዋቸው ነበር። ከሞኒተሮቹ ላይ ፕላስቲኩ እንኳን አልተነሳም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲከፈት ግማሾቹ አልተነሱም፣ አይጥ ኬብሉን በልቶት ነበር። ያንን ክፍል ሳስታውስ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አንድ ኬብል ከመዘርጋትህ በፊት ከርእሰ መምህሩና ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተቀመጥ። ልጅ ሲማርበት የተበላሸ ዕቃ ማንም እንደማይጠየቅበት በወረቀት ላይ ይስፈር። ክፍሉ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ይጻፍና በሩ ላይ ይለጠፍ። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። ይሄ ካልሆነ ኮምፒውተሮቹን አታምጣቸው። አንተን ለማስከፋት አይደለም የምለው።

ሁለተኛው ነገር መምህራኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ብሎ የተነሳበትን ፕሮጀክት ታስታውሱት ይሆናል፤ የ100 ዶላር ላፕቶፕ የተባለው። ማሽኑ በሊኑክስ የሚሠራ ነበር፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ ስክሪን ነበረው፣ ለልጅ እጅ ታስቦ የተሠራ ነበር። ዋጋው ግን ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ቀረ። ፔሩ ከ800 ሺህ በላይ ገዛች። ከዚያ የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በገጠር 319 ትምህርት ቤቶችን አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳወጡት፣ ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች በሒሳብና በቋንቋ ካላገኙት አልተሻሉም። በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ፈተና ግን መጠነኛ ብልጫ አሳይተዋል። እኔ ይሄንን ሳነብ የታየኝ ዕቃውን ይዛ ምን እንደምታደርግበት ያልተነገራት መምህርት ናት። እኔም እሷን ሆኜ አውቃለሁ።

የህንዷን ኬረላ ደግሞ ተመልከቱ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ለዓመታት በነፃ ሶፍትዌር፣ በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። እዚያ መምህራኑን ያሠለጠኑት ራሳቸው መምህራን ናቸው፣ አንዱ ሠልጥኖ ሌላውን እያሠለጠነ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ሊትል ካይትስ የሚባሉ የተማሪ ክበቦች አቋቁመዋል፤ ልጆቹ ራሳቸው በትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ሥራ ያግዛሉ።

አንተም እንዲህ አድርግ። ልጆቹ ሳይገቡ ለመምህራኑ ሁለት ሳምንት ስጣቸው። ብቻቸውን ይንኩት፣ ይሳሳቱ፣ ተማሪ ፊት ሳያፍሩ። ፈተና በላይብረኦፊስ፣ ወርድን በሚተካው ነፃ ፕሮግራም፣ ጽፈው ማተም ከቻሉ ክፍሉን ይወዱታል፣ ከወደዱት ይከፍቱታል። ከልጆቹ ደግሞ ስድስት ምረጥ፣ ሦስት ሴት ሦስት ወንድ። ጎበዝ ተብለው የተመረጡትን ብቻ አትውሰድ፤ የቤቱን ሬዲዮ ፈታቶ የተገረፈ ልጅ ካለ እሱን አምጣልኝ።


ባለሶላር፦

ጠመኔ፣ ያሉት ልብ ይነካል። መብራቱን ግን ሁላችሁም ዘለላችሁት።

ሒሳቡን እንሥራው። አሮጌ ዴስክቶፕ ከኤልሲዲ ሞኒተሩ ጋር 90 ዋት ይበላል እንበል። 10 ማሽን 900 ዋት ነው። በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት። አሮጌ ላፕቶፕ 20 ዋት ገደማ ነው። 10 ላፕቶፕ በ5 ሰዓት 1 ኪሎዋት ሰዓት። አሁን ይሄንን ወደ ባትሪ ቀይረው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ በወረቀት ላይ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ ግን ደጋግመህ ከግማሽ በታች ካወረድከው ቶሎ ይሞትብሃል። ስለዚህ በእጅህ ያለው 0.6 ነው። ፀሐይ በሌለበት ቀን 10 ላፕቶፕ ለማሠራት ሁለት ባትሪ፣ 10 ዴስክቶፕ ለማሠራት ስምንት ያስፈልግሃል። የኢንቨርተሩ ብክነት ገና አልተቆጠረም። ላፕቶፕ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ሥራህን ሴቭ አድርገህ የምትዘጋበትን ጊዜ ይሰጥሃል፣ ባትሪው ፈጽሞ ካልሞተ በቀር።

እንግዲህ ምክሬ፦ ያ መሥሪያ ቤት የሚቀይረው ላፕቶፕ ካለው 22 ዴስክቶፕ ትተህ 10 ላፕቶፕ ጠይቅ። ከሌለው ደግሞ በመብራት ጊዜ ብቻ ሥሩ፣ ሶላሩን ከመግዛት ታገሱ። ለሰርቨሩ፣ ለስዊቹና ለፓይዋ ግን አንድ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያለው መሣሪያ፣ ግዙ።

ደግሞ ማሽን የሚቃጠለው በአብዛኛው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። መብራት እንደሄደ ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ፣ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ማንሳት። ይሄንን በሩ አጠገብ ጻፉት። በሁለት ሶኬት ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር ቀጥላችሁ 10 ማሽን እንዳታበሩ፤ እሳት ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ደግሞ ልጆች ናቸው። ኤሌክትሪሺያን አስገብታችሁ ለብቻው መስመር፣ ብሬከርና ኧርዝ ያለው አስዘርጉ። ከበጀታችሁ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይሄ ይሁን።


ካቻቢቴ፦

የወላጆቹ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። እኔ ለወላጆች ስናገር ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጋር አላጣላም። የ9 ዓመት ልጅ ሥራ ሲቀጠር ዛሬ ያለው ዊንዶውስም አይኖርም። ልጁ የሚማረው ፋይል ምን እንደሆነ፣ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥን፣ በሁለት እጅ መጻፍን፣ ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጥር መደመርን፣ ሲበላሽ ሳይደነግጡ መፈለግን ነው። ይሄ ሁሉ ከማሽን ማሽን አብሮት ይሄዳል። ላይብረኦፊስ የለመደ ልጅ ወርድ ላይ ሲቀመጥ ቁልፉ የት እንደሆነ ይፈልጋል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ደግሞ ከክፍላችን የወጣ አንድ ልጅ ቫይረስ ያጠፋውን የቤታቸውን ላፕቶፕ በፍላሽ በሊኑክስ አስነስቶ የአባቱን ፋይሎች አወጣለት። ከዚያ በኋላ በዚያ አካባቢ ይህንን ጥያቄ የጠየቀኝ ወላጅ የለም።

ወላጆቹን ጥራቸውና ልጆቹ ያሳዩአቸው። አንተ አትናገር።


ጀማሪው፦

ከልቤ አመሰግናለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ለጓደኞቼም ላክሁት።

ዛሬ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ላፕቶፕ የላቸውም። ግን ከ22ቱ ዘጠኙ አንድ ዓይነት ሞዴል፣ 6ኛ ትውልድ ሆነው አገኘናቸው። ስለዚህ ስምንት ለልጆቹ፣ አንድ ሰርቨር፤ ከቀሩት መካከል ከሚነሱት አንዱን የሰርቨሩ ተጠባባቂ እናደርገዋለን፣ ሌሎቹን ፈታተን መለዋወጫ እናወጣባቸዋለን። ኤልቲኤስፒውን ቤቴ በሁለት ማሽን ሞክሬ ትናንት ማታ ተነሳልኝ፤ ደስታዬን አልደብቃችሁም። ሶላሩን ለጊዜው ትተን ገንዘቡን ለመስመር ዝርጋታው አድርገነዋል። መምህርት ጠመኔ፣ ርእሰ መምህሩ ጋ ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ወረቀቱን እርስዎ ባሉት መንገድ አርቅቄዋለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። በስምንት ማሽን 45 ልጅ ያለበትን ክፍል እንዴት ነው የማስተናግደው?


ጠመኔ፦

ሁሉንም በአንዴ አታስገባ። በሦስት ምድብ ክፈላቸው፤ አንዱ ምድብ እዚህ ሲሆን ሌሎቹ ከመምህራቸው ጋር ሌላ ሥራ ይሥሩ። በአንድ ማሽን ሁለት ልጅ ይቀመጥ። አንዱ ማውዙን ሲይዝ ሌላው ይናገራል፣ በየ10 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ሰዓቱን አንተ ካልያዝክ ኃይለኛው ልጅ ማውዙን ይዞ ይውላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዳር የምትቀረው ሴቷ ናት። ደወል ይኑርህ። አንዷ ልጅ ደወሉን ትያዝ።

በመጀመሪያው ቀን ሥዕል ብቻ። ስለ ሃርድዌርና ሶፍትዌር ትርጉም እንዳታስጽፋቸው፣ እባክህ።


ካቻቢቴ፦

ሲአር2032 ከኔ ጋ 30 የሚሆኑ አሉ፣ አትግዛ። የምትነሱበትን ቀን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሆነ አብሬ መጥቼ ፈታትቼ አጸዳለሁ፤ እነዚያን ስድስቱን ልጆች ግን አስመጣቸው፣ ካቻቢቴውን የሚይዙት እነሱ ናቸው።